ወፍራሙ ክር

አገሬ የገባሁ ቀን እናቴ አገላብጣ ስማኝ፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ከጠረገች በኋላ፣ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለችው የእንጨት መጠቅለያ በአገጯ ጠቆመችኝ።

«እዚያ የነበርሽው አንቺ ነሽ። እስቲ ንገሪኝ፤ ተቆርጦ ነው ተበጥሶ?»

ሻንጣዬን ገና ከእጄ አላስቀመጥኩም። ኪየቭ በቆየሁባቸው ዓመታት ሁሉ በስልክ አንድ ቀን እንኳን አንስታው አታውቅም። ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ቡና ዋጋ ስናወራ ኖረን ይህንን ፊቴን አይታ ልትጠይቀኝ ደብቃ አቆይታዋለች።

መጠቅለያዋን አባቴ ከዋንዛ ጠርቦ ነው የሠራት። ወገቧ የሰረጎደ፣ ሁለት ጫፏ እንደ በሬ ቀንድ የወጣ፣ የዓሣ ማጥመጃ ክር የሚጠቀለልባት ናት። ወፍራም ናይለን ክር አሁንም እንደተጠቀለለባት ነው። የክሩ ጫፍ አይጥ እንዳኘከው ተተርትሯል።

«አላስታውስም» አልኳት።

አስታውሳለሁ። ግን ያን ዕለት ክሩን ያየችው ሕፃን ሙታን ከውሃ ሥር ሆነው ክር ይጎትታሉ ብላ የምታምን ሕፃን ነበረች። የእሷን ዓይን እንዴት ልመን?

ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ነው፤ ክረምት። የምንኖረው ሰርቦ ነበር። አባቴ ወልደሰማያት ቡና መጋዘን ውስጥ ጆንያ ሰፊ ነበር። ወንድሜ ሣህሉ ጅማ ይማራል፤ ጊንጆ ሰፈር ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር። ሐምሌ ላይ ሳይታሰብ መጣ። ቀን ቀን ይተኛል፤ ውሻ በጮኸ ቁጥር ይነሳል። ጓደኞችህ የት አሉ ስለው «ተሰወሩ» አለኝ። ድብብቆሽ መስሎኝ ሳቅኩ።

አንድ ጠዋት ሱሪውና ሸሚዙ ወንዝ ዳር ተገኘ። ሊዋኝ ገብቶ ጊቤ ወሰደው ተባለ።

ድንኳን ተጣለ። ሬሳ ስላልነበረ ፎቶግራፉ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፤ ከፎቶግራፉ ሥር ደግሞ ቤት ትቶት የሄደው ጥቁር ሸራ ጫማ። ሴቶቹ ጫማውን እያዩ ያለቅሱ ነበር። እናቴ ትርፌ ደረቷን እየመታች፣ «ባዶ እግርህን ሄድክብኝ!» ስትል እንኳን እኛን ውሻችንን አስለቀሰች። የሰርቦ ሰው ደግሞ ወንዙ በየክረምቱ አንድ ይወስዳል፤ የወደደውን አይመልስም ይላል። ስለዚህ ማንም አልገረመውም።

እኔን የገረመኝ ሸሚዙ ነበር። ታጥፎ ነው የተገኘው። እጅጌው ወደ ኋላ፣ ኮሌታው ወደ ላይ። ሣህሉ በሕይወቱ ልብስ አጥፎ አያውቅም። ውሃው ከወሰደው በኋላ ጨዋ ሆነ ብዬ አሰብኩ። አሁን አገሬ ስገባ እናቴ ልብሶቼን ከሻንጣ አውጥታ ስታጥፍ ተቀምጬ አየሁ፤ እጅጌው ወደ ኋላ፣ ኮሌታው ወደ ላይ።

ለቅሶው ሳይበርድ አባቴ ዓሣ ማጥመድ ጀመረ። ዓሣ በአፉ ዞሮ አያውቅም፤ ጭቃ ጭቃ ይላል ይል ነበር። ፍልሰታ ገብቷል፣ ጾም ነው አለ። እኔንም ይዞኝ ይሄድ ነበር። ብቻውን ፈርቶ መሰለኝ። ልጅ አስከትሎ ወንዝ ዳር የተቀመጠ ሰው ዓሣ አጥማጅ ይመስላል፤ ብቻውን የተቀመጠ ሰው ግን ብዙ ነገር ይመስላል። ይህን የተረዳሁት ቆይቼ ነው።

ክሩን የገዛነው ከመሐሙድ ሱቅ ነው። መሐሙድ ክር፣ መርፌ፣ ቁልፍና ኩራዝ የሚሸጥ፣ ጺሙን በሂና የሚያቀላ የአባቴ ወዳጅ ነበር። ባንኮኒው ላይ የናይለን ጥቅሎች ደረደረ፤ አንዱ እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ አንዱ መካከለኛ፣ አንዱ የበግ አንጀት የሚያህል። አባቴ ወፍራሙን አነሳ።

«ወልዴ፣ ለምን ዓይነት ዓሣ ነው?» አለው መሐሙድ።

«ብዙ ለማይመዝን።»

«ታዲያ ወፍራሙን ምን ያደርግልሃል? ቀጭኑን ውሰድ።»

«ቢበጠስስ?»

«ይበጠስ! ወላሂ እኔ የምሸጥልህ እንዲበጠስ ነው።» መሐሙድ ወደ በሩ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የሌላ ሰው እጅ ቢገባ እኮ የሚያዋጣህ የሚበጠሰው ነው። የተበጠሰ ክር ሁለት ጫፍ ነው። አንዱ ጫፍ ሌላውን አያውቀውም።»

አባቴ ወፍራሙን አስቀምጦ ቀጭኑን ወሰደ። ዕቃው እንዲበላሽ እየመረቀ የሚሸጥ ነጋዴ ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነበር። ለእኔም እንደወትሮው ምራቂ ከረሜላ ሰጠኝ።

አባቴ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ። ቀጭኑን ክር ባልዲ ውስጥ ነከረው፤ ናይለን ሲረጥብ ይደክማል አለ። ከዚያ ከጣሪያው ወራጅ ላይ አሰረና ከመጋዘን ያመጣቸውን የሚዛን ድንጋዮች አንድ በአንድ አንጠለጠለበት። ክሩ እየጠበቀ ሲሄድ የትንኝ ድምፅ አወጣ። ከዚያ «ጧ!» ብሎ እንደ ጅራፍ ጮኸና ድንጋዮቹ መሬት ላይ ተበተኑ። የተበጠሰው ቋጠሮው ላይ ነው፤ ጫፉም እንደ ሐረግ ተጠቅልሎ ቀረ። አባቴ ጫፉን አሳየኝ።

«አየሽ ንግስት፣ ክር ሁልጊዜ የሚሸነፈው ቋጠሮው ላይ ነው። ሲሸነፍም እንዲህ ይኮማተራል።»

«አባባ፣ ሣህሉ ስንት ኪሎ ነው?» አልኩት።

እናቴ በእጇ የያዘችው ወንፊት ወደቀ። አባቴ የተበተኑትን ድንጋዮች እየለቀመ፣ «ዛሬ ዛሬ ብዙ አይመዝንም» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ጥርጣሬ አልነበረኝም። አባቴ የሚያጠምደው ሣህሉን ነው።

ወንዙ ዳር ስንደርስ ጭጋጉ ገና አይነሳም። ከላይ በኩል ድልድዩ አለ፤ ድልድዩ ላይ አብዮት ጠባቂዎች ያድራሉ፣ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ይፈትሻሉ። እኛ ከድልድዩ ወረድ ብሎ ወንዙ በሚታጠፍበት ቦታ ሣሩ ውስጥ እንቀመጣለን። በወዲያኛው ዳር አንድ ትልቅ ዋርካ ወደ ውሃው አጎንብሷል። ከዋርካው ጀርባ የአንድ አባቦራ የሚባሉ ሽማግሌ የቡና ማሳ ነው። ከዚያ ወዲያ ጫካ ነው።

አባቴ መንጠቆ አያስርም ነበር። ከደረቀ የእንሰት ግንድ የቆረጠው ቁራጭ ላይ እናቴ በጨርቅ የቋጠረችውን በሶ ያስርና ውሃው ላይ ይለቀዋል። እንሰቱ እየተንሳፈፈ፣ ውሃው እየወሰደው፣ መታጠፊያውን ተከትሎ ወደ ዋርካው ሥር ይሄድና ጭጋግ ይውጠዋል። መጠቅለያዋ በአባቴ መዳፍ ውስጥ ትሽከረከራለች። ከዚያ ትቆማለች።

እንጠብቃለን።

ከዚያ ከወዲያ በኩል የሆነ ነገር ክሩን ሳብ፣ ሳብ ያደርገዋል።

አንድ ጊዜ አባቴ ክሩን በጣቶቼ መሀል አስያዘኝ። ይቀዘቅዛል። ያ ነገር ሳበኝ፤ ቀስ ብሎ፣ እንደሚያውቀኝ። እጄን ሊሰጠኝ የፈለገ ሰው ዓይነት ነው። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ክሩን ሲጠቀልለው እንሰቱ ከነጨርቁ ተመለሰ። ጨርቁ ባዶ ነው፤ ግን ታጥቦ ተጨምቋል። ዓሣ በሶ ሊበላ ይችላል። ጨርቅ አጥቦ የሚጨምቅ ዓሣ ግን የለም።

አልፈራሁም። የሰርቦ ሴቶች መልካ ወርደው የወንዝ ዳር ድንጋይ ቅቤ ሲቀቡ አይቻለሁ። ውሃ እንደሚቀበል አውቃለሁ። ያስፈራኝ የነበረው ቤት ስንመለስ ነው። እናቴ ጥቁር ለብሳ፣ ከፎቶግራፉ ሥር ተቀምጣ፣ ለቀስተኛ እስኪወጣላት ትጠብቅና በሹክሹክታ ትጠይቃለች።

«በላ?»

«በላ» ይላል አባቴ።

«ጨርሶ?»

«ጨርሶ።»

አንድ ማታ ግን «በላ?» ስትለው አባቴ ተጠጋት። አጎንብሶ ጆሮዋ ላይ አንድ ነገር ነገራት። እናቴ ተነስታ ከፎቶግራፉ ሥር ጫማውን አነሳች፤ የሟቹን ጫማ። ማሰሪያውን ጠበቅ አድርጋ አሰረች። ከጋቢና ከብዙ ቆሎ ጋር ጠቀለለችው።

ሟቹ ጫማ ጠይቋል። በዚያች ሌሊት ከእናቴ ጉያ አልወጣሁም።

በማግስቱ መሐሙድ ጋ ሄደን አባቴ ወፍራሙን ክር አነሳ። መሐሙድ አልሳቀም።

«ወልዴ፣ ይሄ ጉቶ ይነቅላል። ችግር ቢመጣ አይበጠስልህም።»

«የነገው ይከብዳል መሐሙድ። ቀጭኑ አይችለውም። የመጨረሻም ነው።»

መሐሙድ ክሩን ጠቀለለለት። አባቴ ገንዘብ ሊሰጠው ሲል እጁን ወደ ኋላ መለሰው። «ያ አላህ፣ አንተ ጠብቅ» አለ፤ ማንን እንደሚያስጠብቅ ግን አልተናገረም።

በነጋታው ጠዋት ጭጋጉ ከምንጊዜውም ይበልጥ ወፍሮ ነበር። እንሰቱ ከነሸክሙ ከበድ ብሎ፣ ግማሽ ሰምጦ ሄደ። መጠቅለያዋ መዞሯን ከማቆሟ ከኋላችን ሣሩ ተንኮሻኮሸ።

ነጋሳ ነው። ጠመንጃውን አንግቷል። ድሮ መጋዘን ውስጥ ጆንያ ተሸካሚ ነበር፤ አባቴ ይሰፋል፣ እሱ ይሸከማል። አሁን አብዮት ጠባቂ ነው። የሰፈራችንን አናጢ ሁለት ልጆች ከቤታቸው አውጥቶ የወሰደው እሱ ነው፤ ልጆቹ አልተመለሱም። ሰርቦ ውስጥ ነጋሳ ሲያልፍ እናቶች ጉሮሯቸውን ይጠርጉ ነበር፤ ውስጥ ላለ ሰው ምልክት ነው።

«ጋሽ ወልደሰማያት፣ በዚህ ብርድ?»

«ጾም ነው ነጋሳ። ምን ይበላል?»

«ዓሣ ይበላሉ እንዴ እርስዎ? መጋዘን ሳለን የቁርጡሚ ሽታ ያጥወለውለኛል ይሉ አልነበር?»

«ሰው ልጁን ሲቀብር አፉም ይለወጣል።»

«ቀበሩት እንዴ?» አለ ነጋሳ።

ያኔ ክሩ ተሳበ። ሳብ፣ ሳብ።

«ያዘ!» አለ ነጋሳ።

«ቅጠል ነው።»

«ቅጠል አይጎትትም። ወዲህ ይበሉ።»

መጠቅለያዋን ከአባቴ እጅ ወሰዳት። ከድልድዩ በኩል ሌላው ጠባቂ ጮኸ፤ «ነጋሳ! ምን አገኘህ?»

«ቁርጡሚ ነው! ቆይ!»

«መጣሁ፣ አብረን እናውጣው!»

ነጋሳ ወደ ድልድዩ አየ። ከዚያ ክሩን በኮት እጅጌው ላይ ጠመጠመ፣ ተረከዙን ጭቃው ውስጥ ተከለና ወደ ኋላ ተለጠጠ። ክሩ ከውሃው ተነስቶ አየር ላይ ተወጠረ። ጠብታዎች ተራገፉ። ያ የትንኝ ድምፅ ጀመረ። በወዲያኛው ጫፍ ከባድ ነገር አለ። አይመጣም፤ አይለቅምም።

«ሣህሉ ነው» አልኩ። በሹክሹክታ ነው ያልኩት።

ነጋሳ ዞሮ አየኝ። የአባቴ እጅ ማጅራቴን ያዘኝ፤ በረዶ ነበር። ነጋሳ ፊቱን መልሶ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ የበለጠ ጎተተ። ወንድሜን ሊያወጣው ነው፣ ጥርሱን ሲነክስ ደግሞ ሊበላው ነው ብዬ አሰብኩ።

ድንገት «ጢቅ» አለ፤ ከወዲያ ማዶ ነው የመጣው፣ ክሩን ተከትሎ። ነጋሳ በቂጡ ተቀመጠ።

ክሩን ቶሎ ቶሎ ሰብስቦ ጫፉን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። እኔም አየሁት። ቀጥ ያለ ነበር። አልተኮማተረም፤ ቋጠሮም የለበትም። ምላጭ ያለፈበት ይመስል ነበር።

የሌላው ጠባቂ ጫማ ቁልቁለቱን ሲወርድ ይሰማል። ነጋሳ የክሩን ጫፍ አፉ ውስጥ ከተተና አኘከው። እንደ ሸንኮራ፣ በጎን ጥርሱ፣ ዓይኑን አባቴ ላይ ተክሎ። ተፋ።

«ምን ነበር?» አለ ሰውየው ደርሶ።

«አምባዛ። ይሄን የሚያህል! በጥሶት ሄደ።» የተተረተረውን ጫፍ አሳየው።

«አንተና ዕድልህ!» ብሎ ሳቀበት። ተያይዘው ሲሄዱ ነጋሳ ወደ ኋላ ዞሮ፣ «ጋሽ ወልደሰማያት፣ ከዛሬ ወዲያ እዚህ አይምጡ። ዓሣ የለም» አለ።

አባቴ መጠቅለያዋን ከጭቃው አነሳ። እኔ ደግሞ ያየሁትን አውቅ ነበር። ነጋሳ ሣህሉን በክሩ ጫፍ በላው። ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ ባየሁት ቁጥር ከበስተኋላው እተፋ ነበር።

ቤት ስንገባ እናቴ በሹክሹክታ፣ «ተቀበለ?» አለች።

«ቆርጦት ሄደ» አላት አባቴ።

እናቴ መጠቅለያዋን ተቀበለችና ጫፉን አየች። የተተረተረውን ጫፍ። መጠቅለያዋን ግድግዳው ላይ ሰቀለቻት።

እውነቱን የነገረኝ አባቴ ነው፤ ኪየቭ ልሄድ በተነሳሁበት ዋዜማ። ሣህሉ በዚያ ክረምት በሕይወት ነበር። ይፈለግ ስለነበር እሱና እናቴ ሞተ አስባሉት፤ አባቦራም ማሳቸው ውስጥ ሸሸጉት። አባቦራ ምግብ ይዘው ማሳ ቢመላለሱ ስለሚጠረጠሩ፣ ድልድዩም በጠባቂ፣ ወንዙም በሙላት ስለተዘጋ እናትና አባቴ በክር መገቡት። ጫማው ለሱዳን መንገድ ነበር። ግን ነጋሳ ክሩን በጎተተበት ቀን አባቦራ ዋርካው ሥር ሲሄዱ ማንንም አላገኙም። ጭቃው ላይ ወደ ውሃው የሚወስድ የመንሸራተት ምልክት ነበር። ከሣህሉም እስከ ዛሬ ድምፅ የለም።

ስለዚህ እናትና አባቴ የተለያየ ልጅ ይዘው ኖሩ። ክሩ ከተቆረጠ፣ ቢላዋ የያዘ ሕያው እጅ ነበር ማለት ነው። ከተበጠሰ፣ ያ ብርቱ ክር እስኪበጠስ ድረስ ሲጎትት የነበረው ማንን ነው? አባቴ ተቆርጧል እያለ ሞተ። እናቴ ግን ጫፉን በዓይኗ አይታለች። አባቴ፣ ነጋሳ ሲያኝከው አየሁ ብሎ ቢምልላትም፣ ሊያጽናናት የፈጠረው መሰላት።

ከመጣሁ በሳምንቴ ባጃጅ ይዤ ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ሄድኩ። ነጋሳ መንግሥት ሲለወጥ ታስሮ፣ ብዙ ዓመት ቆይቶ ወጥቷል፤ ሴት ልጁ ሶረቲ ቤት ይኖራል አሉኝ። በረንዳ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ አገኘሁት። ዓይኑ ሞራ ሸፍኖታል።

«የወልደሰማያት ልጅ ነኝ። የጆንያ ሰፊው።»

ፊቱን ወደ ድምፄ አዞረ። «ያቺ ትተፊብኝ የነበርሽው?»

«ያውቁ ነበር?»

«ጀርባ ላይ የሚተፋ ምራቅ ይሰማል እኮ» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

«ጋሼ ነጋሳ፣ ተቆርጦ ነው ተበጥሶ?»

«ተቆርጦ ነው።»

«ታዲያ ለምን ጎተቱት? ጭቃው ላይ ተንሸራቷል። እየጎተቱት ነበር።»

«አባትሽ ጆንያ ሲሰፋ አላየሽም?» አለ፤ በአየር ላይ ክር እንደያዘ እጆቹን አራራቀ። «ሲባጎ ላልቶ ይቆረጣል? ካልወጠርሽው ቢላዋው ያዳልጣል። እርጥብ ናይለን ደግሞ ይብሳል። ያ ሰውዬ እየመጣ ነበር። ክሩ ቶሎ ካልተቆረጠ የታሰረበትን ዕቃ ከነማስረጃው ማውጣታችን ነው። ልጁ ቢላዋ አያጣም። የሚወጥርለት ነው ያጣው። ወጠርኩለት።»

«የአናጢውንስ ልጆች?»

ፊቱን ወደ ፀሐይዋ አዞረ። ሶረቲ ከውስጥ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ወንዙ ጋ ያን ቀን ጭጋግ ነበር» አለ።

ሰርቦ እስክደርስ አላመንኩትም። ታስሮ የወጣ ሽማግሌ፣ ሊሞት የተቃረበ፣ አንድ መልካም ሥራ ቢኖረው ምን አለበት? ያለፈውን መወጠርም መጎተትም ይቻላል። የተማርኩት ነገር ሁሉ አንድ ምስክር አይበቃም ነው የሚለኝ።

ቤት ገብቼ መጠቅለያዋን ከግድግዳው አወረድኩ። ክንድ የሚያህል ክር ፈታሁና ባልዲ ውስጥ ነከርኩት። እናቴ ታየኛለች። ክሩን ጠረጴዛ ላይ አኑሬ ቢላዋ ጫንኩበት። አዳለጠ። ደገምኩ፤ አዳለጠ።

«እማዬ፣ ጫፉን ያዢልኝ። ወጠር አድርጊው።»

ያዘች። አሮጌ እጇ እንዲህ ያለ ኃይል ይኖረዋል ብዬ አላሰብኩም። ክሩ ተወጥሮ ያን የትንኝ ድምፅ ጀመረ። ቢላዋውን አስነካሁት።

«ጢቅ።»

እጄ ቆመ። «ጧ» አይደለም። ከወራጁ ላይ የሰማሁት ጅራፍ አይደለም። ያ ከጭጋጉ ውስጥ፣ ክሩን ተከትሎ የመጣው ድምፅ ነው፤ ሕፃኗ ብትሳሳትም ጆሮዋ አልተሳሳተም። ጫፉን አየሁት። ቀጥ ያለ ነው።

«ተቆርጦ ነው» አልኳት።

እናቴ ጫፉን ከእጄ ወስዳ በጣቷ ደባበሰችው፣ ወደ መብራቱም ወስዳ አገላበጠችው። ከዚያ ዓይኗን አነሳች። ያየችው እኔን አልነበረም፤ ያ ጠረጴዛና ፎቶግራፍ የነበረበትን ማዕዘን ነው።

«እንግዲያው ጫማውን አድርጎ ነው የሄደው» አለች።